ፊልም ሃያ ዓመት ይጠብቃል



በኅዳር ወር 1998 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች እንግዳ ነገር ታየ። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንደምጠራ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሰዎች ሙሉ ዋጋ ከፍለው ትኬት ይቆርጣሉ፤ ገብተው ይቀመጣሉ፤ ከዋናው ፊልም በፊት የምትታየውን የሁለት ደቂቃ ማስታወቂያ ካዩ በኋላ ተነሥተው ውልቅ ይላሉ። ዋናው ፊልም ብራድ ፒት የተወነበት፣ ሦስት ሰዓት የሚፈጀው «ሚት ጆ ብላክ» ነበር። ትኬት የተቆረጠው ግን ለእሱ አልነበረም። ከ16 ዓመት ጥበቃ በኋላ አዲስ የ«ስታር ዋርስ» ፊልም ሊመጣ ነበርና የሰዎቹ ጉጉት የእሱን ማስታወቂያ ለማየት ነበር።

ፊልሙ፣ «ዘ ፋንተም ሜናስ»፣ በግንቦት 1999 ለእይታ በቃ። ከሳምንታት በፊት ጀምሮ ሲኒማ ቤት ደጃፍ ድንኳን ዘርግተው ደጅ የጠኑ ነበሩ። ፊልሙም በዓለም ዙሪያ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ይሁንና ወራት ሳይቆጠሩ፣ ደጅ ከጠኑት መካከል ብዙዎቹ ያንኑ ፊልም «ልጅነታችንን ያበላሸ» እያሉ ሲረግሙት ተሰሙ።

ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ነው፤ ለረጅም ዘመን በሚቀጥል ተከታታይ ፊልም ላይ አዲስ ክፍል በተጨመረ ቁጥር ስለሚነሣው የአድናቂዎች ማዕበል። የንግግሬ ፍሬ ሐሳብ ይህ ነው፦ አድናቂ በፊልሙ ላይ የመቆጣት ሙሉ መብት አለው፤ ፊልምም ስድቡን ሁሉ ተሸክሞ ሃያ ዓመት ቆይቶ ሊከበር ይችላል። ፊልሙን የሠራው ሰው ግን ሃያ ዓመት በስድብ ውስጥ እንዲቆይ የሚጠይቀው ማንም ሊኖር አይገባም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ጆርጅ ሉካስ የመጀመሪያውን «ስታር ዋርስ» ለእይታ ሲያበቃ፣ ግንቦት 25 ቀን 1977፣ ፊልሙን ለመክፈት የተስማሙት የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ጥቂት ደርዘን ብቻ ነበሩ። ስቱዲዮው ብዙ አልጠበቀበትም። ሉካስም ውል ሲዋዋል በፊልሙ ስም የሚሸጡ አሻንጉሊቶችንና የሚቀጥሉትን ክፍሎች መብት ለራሱ ሲያስቀር ብዙ አልተከራከሩትም። በዚያው ዓመት ለገና በዓል የአሻንጉሊት ፋብሪካው ኬነር ፈላጊውን ሁሉ ማዳረስ አቃተው። መፍትሔው ምን ሆነ? አሻንጉሊት የሌለበት የካርቶን ማሸጊያ ሸጠ። ውስጡ፣ አሻንጉሊቶቹ ሲደርሱ በፖስታ እንደሚላኩ የሚያረጋግጥ ወረቀት ነበረበት። ወላጆች ገዙት፤ ልጆችም ተደሰቱበት።

ይህ ባዶ ካርቶን ከአንድ የገበያ ዘዴ በላይ ይነግረናል። ያ ልጅ የገዛው ተስፋ ነበር። የተከታታይ ፊልም ንግድ የቆመውም በዚሁ ላይ ነው፤ ገና ያልተሠራ ነገር አስቀድሞ ይሸጣል። ገዢው በሚጠብቅባቸው ወራትና ዓመታት ውስጥ ደግሞ ያልመጣውን ፊልም በራሱ ሐሳብ ይሠራዋል። እውነተኛው ፊልም ሲመጣ የሚወዳደረው ተመልካቹ በልቡ ሠርቶ ከጨረሰው ፊልም ጋር ነው። ከዚያ ጋር ተወዳድሮ ማሸነፍ እጅግ ከባድ ነው።

ሁለተኛው ክፍል፣ «ዘ ኤምፓየር ስትራይክስ ባክ»፣ በ1980 ሲወጣ ይህ ወዲያው ታየ። በፊልሙ መጨረሻ ጭምብል ለባሹ ክፉ ገጸ ባሕርይ ዳርት ቬደር ለወጣቱ ጀግና ለሉክ ስካይዎከር አባቱ መሆኑን ይነግረዋል። ይህ ምሥጢር ሲቀረጽ ከጥቂት ሰዎች በቀር የሚያውቀው አልነበረም። በቦታው ጭምብሉን ለብሶ የተወነው ዴቪድ ፕራውስ የተናገረው ሌላ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ ትክክለኛው ንግግር በኋላ በጄምስ ኧርል ጆንስ ድምፅ ተተካ። ጆንስ ራሱ ጽሑፉን ሲያነብ ቬደር የሚዋሽ መስሎት እንደነበር ተናግሯል። አድናቂውም ሦስት ዓመት ሙሉ፣ እስከ 1983፣ ዋሸ አልዋሸም እያለ ተከራከረ። ፊልሙ ሳይቋጭ በመቅረቱ ተታለልን ያሉ ተመልካቾች ነበሩ፤ ሀያሲዎችም ተከፋፈሉ። ዛሬ ያው ፊልም ከተከታታዩ ሁሉ ምርጥ ነው ተብሎ በብዙዎች ይጠቀሳል። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ይህ ሁሉ የአድናቂ ቁጣ በኢንተርኔት ምክንያት የመጣ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። በ1893 አርተር ኮናን ዶይል ሼርሎክ ሆምስን በአንድ ፏፏቴ ጥሎ ሲገድለው ኮምፒውተር አልነበረም። አንባቢዎች ግን ለደራሲውና ለ«ስትራንድ» መጽሔት የቁጣ ደብዳቤ አዘነቡ። ዶይል መርማሪው ከመሞቱ በፊት የሆነ ታሪክ በ1901 ማውጣት ጀመረ፤ በ1903 ደግሞ ጨርሶ ከሞት አስነሣው። ደራሲው በገጸ ባሕርዩ ሰልችቶት ነበር፤ አንባቢው ግን አልሰለቸም። አዲስ የሆነው ፍጥነቱና አድራሻው ነው። በዶይል ዘመን ደብዳቤው ቴምብር ተለጥፎበት ወደ መጽሔቱ ቢሮ ይሄድ ነበር። ዛሬ ስድቡ ተዋናዩ ከመኝታው ሳይነሣ እጁ ላይ ይደርሳል።

አድናቂው «ይህ የእኔ ነው» እንዲል ያደረገው ምን እንደሆነ ደግሞ እንመልከት። ከ1983 እስከ 1999 ባለው ጊዜ አዲስ ፊልም አልነበረም። ያንን ክፍተት የሞሉት ልብ ወለዶች፣ የሥዕል መጻሕፍትና ጨዋታዎች ናቸው። በ1991 የወጣው የቲሞቲ ዛን ልብ ወለድ ብቻውን ብዙ አንባቢ መለሰ። አድናቂው ገዛ፣ አነበበ፣ ተወያየ፣ የገጸ ባሕርያቱን የዘር ሐረግ ሳይቀር አጠና። እነዚህ ታሪኮች ከሃያ ዓመት በላይ ሲከማቹ ከቆዩ በኋላ፣ በ2014 የሉካስን ኩባንያ የገዛው አዲሱ ባለቤት፣ ዲስኒ፣ ከዋናው ታሪክ ውጭ መሆናቸውን ዐወጀ። በሕግ ዐይን መብቱ ነው። ዕድሜውን በዚያ ንባብ ላሳለፈ ሰው ግን የኖረበትን ቤት አፍርሱ እንደማለት ነበር።

ባለቤትነት የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጥ ያፈጠጠው ግን በሉካስ በራሱ ላይ ነው። በ1988 ሉካስ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ነበር። በዚያ ዘመን የፊልም መብት የገዙ ኩባንያዎች የቆዩ ጥቁርና ነጭ ፊልሞችን ቀለም እየቀቡ ይሸጡ ነበር። ሉካስ የሕዝብ ቅርስ የሆኑ ሥራዎችን ለትርፍ ሲሉ የሚለውጡትን ክፉኛ አወገዘ። በዚያው ዓመት በወጣ ሕግ የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ተቋቋመ፤ በ1989 መጀመሪያ ከተመረጡት 25 ፊልሞች አንዱ «ስታር ዋርስ» ሆነ።

በ1997 ግን ሉካስ ያንኑ ፊልም ራሱ ለወጠው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች በኮምፒውተር ምስሎች አድሶ ለሲኒማ አቀረባቸው። በመጀመሪያው ፊልም ሃን ሶሎ የተባለው ኮንትሮባንዲስት በመጠጥ ቤት ሊገድለው የመጣውን ግሪዶን ቀድሞ ተኩሶ ይጥለዋል። በአዲሱ ቅጂ ግሪዶ ቀድሞ ይተኩስና ይስታል፤ ሃን ከዚያ በኋላ አጸፋውን ይመልሳል። የሰከንድ ክፍልፋይ ለውጥ ናት። አድናቂው ግን ገባው፤ ለራሱ ብቻ የሚያስብ ሰው ቀስ በቀስ ሌሎችን ወደሚያስቀድምበት ሕይወት የሚያደርገው ጉዞ መነሻው ጠፋ። «ሃን ቀድሞ ተኩሷል» የሚል ካናቴራ ታትሞ ተለበሰ።

እኔ ይህን ቁጣ አከብረዋለሁ። ይህ የሥነ ጽሑፍ ሂስ ነው። ከዚህም ቁጣ ሥራ ተወለደ። አድናቂዎች በየግል እጅ የቀሩ የቆዩ የፊልም ቅጂዎችን እየፈለጉ በራሳቸው ጊዜና ገንዘብ የ1977ቱን ፊልም እንደነበረ ለመመለስ ዓመታት ደከሙ። በሰኔ 2025 የብሪታንያ የፊልም ተቋም ያልተነካውን የ1977 ቅጂ ለንደን ውስጥ ሲያሳይ ትልቅ ዜና የሆነው ይህን ሁሉ ዓመት የጠየቀ ሕዝብ ስለነበረ ነው።

እንግዲህ ወደ 1999 እንመለስ። «ዘ ፋንተም ሜናስ» ውስጥ ጃር ጃር ቢንክስ የሚባል ረጅም ጆሮ፣ የሚደናቀፍ፣ አነጋገሩ የተሰባበረ ገጸ ባሕርይ አለ። አካሉ በኮምፒውተር የተሠራ ሲሆን እንቅስቃሴውንና ድምፁን የሰጠው አህመድ ቤስት የተባለ ወጣት ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ቤስት በባልዲና በመጥረጊያ ምት በሚፈጥረው «ስቶምፕ» በተባለው የመድረክ ትርኢት ሲሠራ ታይቶ የተመረጠ ነው። ዋና ሚና ያለውን ገጸ ባሕርይ በዚህ መንገድ መተወን ገና መንገዱ ያልተጠረገ ሥራ ነበር፤ ዛሬ በየፊልሙ የምናየው ስልት የእሱ ድካም አለበት።

ጃር ጃርን የነቀፉት ሁለት ዓይነት ሰዎች ነበሩ። አንዳንዶቹ ገጸ ባሕርዩ ስለ ጥቁሮችና ስለ ካሪቢያን ሰዎች የቆየውን የንቀት ሥዕል ያስታውሳል ብለው ጻፉ። ይህ ሊመለስ የሚገባው ከባድ ጥያቄ ነው፤ የሚነሣውም ገጸ ባሕርዩን በፈጠሩት ሰዎች ውሳኔ ላይ ነው። አንድ አድናቂ ደግሞ ፊልሙን ራሱ በድጋሚ ቆራርጦ፣ የጃር ጃርን ቀልድ ቀንሶ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል አሳጥሮ በቪዲዮ ካሴት አሠራጨው። ይህም ቢሆን ለሥራው የተሰጠ መልስ ነው፤ መቀስ ያነሣ ሂስ ልንለው እንችላለን።

ሌሎቹ ግን ሰውየውን ያዙ። ቤስት በ2018 ያንን ዘመን መለስ ብሎ ሲያስታውስ፣ የደረሰበት ውርጅብኝ ሥራውን እስከዚያ ቀን እንደጎዳው፣ በአንድ ወቅትም ሕይወቱን ሊያጠፋ ተቃርቦ እንደነበር ለዓለም ተናገረ። ያን ጊዜ ቆሞበት የነበረውን የኒው ዮርክ ድልድይ ከልጁ ጋር ሆኖ ሲመለከት የሚያሳይ ፎቶም አወጣ። ዕድሜው ገና በሃያዎቹ የነበረ ሰው፣ ጽሑፉን ሳይጽፍ፣ ዳይሬክተር ሳይሆን፣ የታዘዘውን በሚገባ ስለሠራ ለዚያ ደረሰ።

ሉካስም ቢሆን መረረው። በ2012 መጀመሪያ ለ«ኒው ዮርክ ታይምስ» ሲናገር፣ ሰው ሁሉ ሲጮኽብህ ሌላ ክፍል የምትሠራው ለምንድን ነው የሚል ሐሳብ ሰነዘረ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ኩባንያውን ለዲስኒ በአራት ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሸጠው።

በዲስኒ ዘመን የመጣው የመጀመሪያ ፊልም፣ የ2015ቱ «ዘ ፎርስ አዌከንስ»፣ ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ቅሬታውም ወዲያው መጣ፤ «የ1977ቱን ፊልም ገለበጣችሁ» ተባሉ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ራያን ጆንሰን «ዘ ላስት ጄዳይ»ን አቀረበ። ይህኛው ደግሞ ከሚጠበቀው መንገድ ወጣ። ሉክ ስካይዎከር የአባቱን የብርሃን ሰይፍ ሲቀበል ወደ ኋላው ወርውሮ ይጥለዋል። ለሦስት ዐሥርት ዓመታት የሉክን መመለስ የጠበቀ ሰው ያንን ሲያይ ደነገጠ። ገጸ ባሕርዩን የተወነው ማርክ ሃሚል እንኳ በሉክ አቅጣጫ እንዳልተስማማ በግልጽ ተናግሯል። ስለዚህ የተቆጣ ተመልካች ብቻውን አልነበረም፤ የሚያከራክር ውሳኔ ነበርና መከራከሩ ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ ግን የሚጮኸው ማን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከአዳራሽ ሲወጡ የተጠየቁ ተመልካቾች ለፊልሙ «ኤ» ሰጡት። ማንም ገብቶ ድምፅ በሚሰጥበት የኢንተርኔት መለኪያ ደግሞ ከግማሽ በታች ወረደ። ሞርተን ቤይ የተባለ ተመራማሪ በ2018 ለጆንሰን በትዊተር የተላኩ 967 መልእክቶችን መረመረ። በአሉታዊነት የመደባቸው ከመቶ 22 ገደማ ነበሩ። ከእነዚያም ግማሽ ያህሉን የላኩት የፖለቲካ ዓላማ ያላቸው፣ ነገር መቆስቆስ የሚወዱና በሰው የማይንቀሳቀሱ አካውንቶች ናቸው አለ። ምደባው አከራክሯል። ቢሆንም የጩኸት መጠንና የሰው ቁጥር አንድ አለመሆናቸውን ያሳያል።

በዚያው ፊልም ሮዝ ቲኮን የተወነችው ኬሊ ማሪ ትራን፣ ወላጆቿ ከቬትናም የተሰደዱ አሜሪካዊት ናት። በዘሯና በመልኳ ላይ የወረደው ስድብ በ2018 የኢንስታግራም ገጿን ባዶ አስደረጋት፤ በዚያው ዓመት በጋዜጣ ላይ በጻፈችው ጽሑፍ ስድቡን ማመን ጀምራ እንደነበር ገለጸች። ከእሷ በፊት ጆን ቦዬጋ ነጭ የወታደር ጥሩር ለብሶ በ«ዘ ፎርስ አዌከንስ» ማስታወቂያ ሲታይ ጥቁር በመሆኑ ብቻ ተቃውሞ ተነሣበት፤ እሱ ግን እንዲለምዱት መክሮ አለፋቸው። በ2022 ተራው የሌላዋ የ«ስታር ዋርስ» ተዋናይት፣ የሞዝስ ኢንግራም፣ ሆነ። ተመሳሳይ ስድብ፣ ተመሳሳይ ኢላማ። ይህ የፊልም ሂስ ከሆነ ከነጭ ወንድ ተዋንያን ይልቅ እነዚህን መርጦ የሚያገኛቸው ለምንድን ነው? ዘረኝነት የአድናቂነት ካናቴራ ለብሶ ሲመጣ በስሙ ልንጠራው ይገባል።

«ታዲያ ስቱዲዮዎች አድናቂውን ይስሙ ወይስ አይስሙ?» ትሉኝ ይሆናል። ሁለት ምሳሌ ላቅርብ። በሚያዝያ 2019 መጨረሻ የ«ሶኒክ» ፊልም ማስታወቂያ ሲወጣ፣ ከቪዲዮ ጨዋታ የሚታወቀው ሰማያዊ ጃርት የሰው የሚመስል ጥርስና ትንንሽ ዐይን ነበረው። ተመልካቹ በሳቅና በቁጣ ተነሣ። ዳይሬክተሩ ጄፍ ፋውለር በቀናት ውስጥ ገጸ ባሕርዩ እንደሚሻሻል አስታወቀ፤ ፊልሙም ወደ የካቲት 2020 ተዛወረ። ተሳካለት፤ ተከታታይ ክፍሎችም ወለደ። በ2019 መጨረሻ የወጣው «ዘ ራይዝ ኦቭ ስካይዎከር» ደግሞ በ«ላስት ጄዳይ» የተቆጡትን ለማባበል የተሠራ መሰለ። በቀደመ ክፍል የሞተ የመሰለው ክፉ ንጉሠ ነገሥት በቂ ማብራሪያ ሳይሰጥ ተመለሰ። ሮዝ ቲኮ በፊልሙ የታየችው ከአንድ ደቂቃ ጥቂት ለሚበልጥ ጊዜ ብቻ ነው። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ምክንያቱ ሌላ ነው ብሏል፤ በ2016 መጨረሻ ካረፈችው ተዋናይት ከኬሪ ፊሸር የተረፉትን ምስሎች መጠቀም ያስከተለው የቴክኒክ ችግር ነው አለ። ያም ሆነ ይህ ፊልሙ የፈለገውን እርቅ አላገኘም። ሀያሲዎች ደካማ አሉት፤ ሁለቱም የአድናቂ ወገኖች በየፊናቸው አጉረመረሙ።

ልዩነቱ ምንድን ነው? በሶኒክ ጊዜ ተመልካቹ የሚያውቀውን ነገር ጠየቀ፤ የሚወደውን መልክ ያውቀዋል። ታሪክ ግን እንደዚያ አይደለም። ተመልካቹ የቅሬታውን ምክንያት በሚገባ ያውቃል፤ መፍትሔውን ግን ብዙ ጊዜ አያውቅም፤ መፍትሔ መፈለግ የጸሐፊው ሥራ ነውና። «ተረት ተረት» ስትሉት «የላም በረት» ብሎ የሚቀበል ልጅ ትናንት የሰማውን ስትለውጡበት «እንደዚያ አይደለም!» ብሎ ያርማችኋል። ትክክል ነው፤ ታሪኩን በእርግጥ ያውቀዋል። አዲስ ተረት እንዲፈጥርላችሁ ብትጠይቁት ግን ያንኑ የትናንቱን ይነግራችኋል።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኋችሁ ነገር ልመለስ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶቻችን። ለ1980ው ፊልም የተሰጠው ፍርድ እያደር ተገለበጠ። የ1999ኙም እንዲሁ። ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጆች የነበሩት «ዘ ፋንተም ሜናስ»ን ያዩት ያለ ምንም ጥበቃ ነው፤ ለእነሱ የመጀመሪያው «ስታር ዋርስ» ያ ነው። ልጆቹ አደጉ፤ መናገርም ጀመሩ። በ2019 ቺካጎ ላይ የፊልሙ ሃያኛ ዓመት ሲከበር አህመድ ቤስት ወደ መድረክ ወጣ፤ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበለት። በ2023 «ዘ ማንዳሎሪያን» በተባለው ተከታታይ ውስጥ ሕፃኑን ግሮጉን ከሞት የሚያድን ጄዳይ የተባለ ተዋጊ ሆኖ ተመለሰ። በወጣትነቱ በ«ስታር ዋርስ» ትወናው የተቀለደበት ሄይደን ክሪስቴንሰንም በ2022 ሲመለስ በደስታ ተቀበሉት።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ሰው «እንኳን መጨረሻው አማረ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። እኔ ግን ሒሳቡ አልገጠመልኝም። ፊልሙ በእነዚያ ሃያ ዓመታት ምንም አልተጎዳም፤ በመደርደሪያ ላይ ነበር። ቤስት ግን የሥራውን ምርጥ ዓመታት ከሰረ፤ ጭብጨባውን የሰማውም በሕይወት ስለቆየ ብቻ ነው። ዘመን ፍርዱን ሊያርም ይችላል፤ የጠፋን ሰው ግን አይመልስም።

ይህ ጉዳይ የሆሊውድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእኛም የቴሌቪዥን ድራማዎች ክፉ ገጸ ባሕርይ የተወኑ ሰዎች በመንገድ እንደሚሰደቡ ሲናገሩ ሰምተናል። ቀድሞ በሳቅ የሚተረክ ገጠመኝ ነበር፤ ተዋናዩም የትወናው ምስክር አድርጎ ይቆጥረው ነበር። ዛሬ ስድቡ በፌስቡክና በቲክቶክ ላይ ፎቶ ተለጥፎበት፣ ብሔርና ሃይማኖት ተጨምሮበት ይመጣል። የተከታታይ ፊልምና ድራማ ሥራችን እየሰፋ በሄደ ቁጥር ይህ ችግር ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ቀላል ነገር ነው። ሥራውን ያለ ምሕረት ተቹ። ታሪኩ የተሰበረበትን ቦታ አሳዩ፤ ገጸ ባሕርዩ ለምን ከራሱ ጋር እንደተጣላ ጻፉ፤ ትኬታችሁን ሌላ ፊልም ላይ አውሉ። እንዲህ ያለ ሂስ ሲኒማን ያሳድጋል፤ ጠንካራ ተቺ የሌለው ሲኒማም አያድግም። ነገር ግን የተዋናዩን መልክ፣ ዘር ወይም ቤተሰብ የሚነካ ጽሑፍ እጃችሁ ሲገባ፣ ሳቅ ቢያስመልጣችሁ እንኳ፣ አታስተላልፉት። ስለ ፊልሙ ተሳስታችሁ ከሆነ ልጆቻችሁ ያርሟችኋል፤ ለዚያ ጊዜ አለ። በሰው ላይ ለተፈጸመ ስሕተት ግን ያ ጊዜ ስለማይኖር፣ ጥንቃቄው ዛሬ ከእናንተ መጀመር አለበት።